ንጹሑ ውሃ ሲጮኽ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። አንዲት ቃል የዋሸሁ እንደሆነ ይህን ብዕር የያዘው እጄ ይክዳኝ፤ ዳግም ስሜን እንኳ መጻፍ ያቅተኝ። እንዲያውም «አበዛው» እንዳልባል ብዬ እዚህም እዚያም ቀነስኩለት እንጂ፣ እንደሆነው ብጽፈው ወረቀቱ ራሱ በፍርሃት በተሸበሸበ ነበር።

አንድ ጠጋኝ ነበር። ጠጋኝ ስላችሁ ባልዲ የሚበይድ እንዳይመስላችሁ። የሆስፒታልና የቤተ ሙከራ ማሽን የሚጠግን፣ በሙያው እኩያ ያልተወለደለት ሰው ነው። ሌሎቹ ባለሙያዎች ማሽኑን ፈተው ፈተው፣ በላብ ተጠምቀው ተስፋ ሲቆርጡ እሱ ይመጣል፤ በካቻቢቴው እጀታ አንድ ጊዜ ኳ ያደርገዋል፤ ማሽኑ ተነሥቶ ይሠራል። ቁመቱ በየበሩ ጎንበስ ያሰኘዋል። መልኩንማ ተዉት። አንዲት ነርስ ዓይኗን ከሱ መንቀል አቅቷት፣ ሄዳ ሄዳ ከነትሪዋ ግድግዳ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራትም። ፍርሃት ለሰው ልጅ ሲታደል ደግሞ እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ድርሻውን አልወሰደም።

አንድ ጉም የወረደበት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የደወሉት የአንድ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው፤ ትልቅም ትንሽም «እትዬ ዶክተር» እያለ ነው የሚጠራቸው።

«ልጄ፣ ማሽናችን ይጮኻል» አሉት።

«ሥራው መጮኽ አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ነው። ግን የበሽተኛ ናሙና ስንሰጠው ነው መጮኽ ያለበት። አሁን ውሃ ስንሰጠውም ይጮኻል።»

«ምን ዓይነት ውሃ?»

«ምንም የሌለበት ውሃ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በስልክ አይሆንም። ና ብቻ።»

ቤተ ሙከራው ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጀርባ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ ሕንፃ ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከውስጥ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው፤ ወገብ የሌለው፣ ፊት የሌለው እግር። የዚያን ቀን እግሩም በጉሙ ተውጦ ኮቴው ብቻ ይሰማ ነበር። ኮሪደሩ ማለቂያ የለውም፤ እኔ አነሰ ቢባል አንድ ኪሎ ሜትር ነው እላለሁ። አምፖሎቹ ሰው ሲቀርብ ከፊት ይበሩና ሲያልፍ ከኋላ ይጠፋሉ። ጠጋኙ ሳይፈራ፣ ግን ማንም ሰው እንደሚያደርገው ትንሽ ፈጠን ብሎ፣ ተራመደ።

መጨረሻው በር ላይ ሲደርስ የሴት ድምፅ ሰማ።

«እንደምን አደርሽ፣ እማ? ዛሬ ጉም ነው። አባባን ጉልበቱን አሞታል፤ ያው ታውቂው የለ፣ አይናገርም።»

ከዚያ አንድ ነገር መለሰላት። ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ፣ ከንፈሩን ገጥሞ የሚያዜም ሰው ዓይነት። ሲይይይይ።

ጠጋኙ በሩን ከፈተው። ክፍሉ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሌላ ሰው የለም። ማስኳን አገጯ ሥር ዝቅ አድርጋ፣ ጣት በምታህል ቀጭን መስታወት ላይ አጎንብሳለች። መስታወቷ ላይ የወርቅ ነጠብጣቦች እንደ ዓይን ያበራሉ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ስለ አስተያየቷ አንድ ሙሉ መጽሐፍ መጻፍ እችል ነበር፤ ባጭሩ ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት።

«ማንኳኳት የሚባል ነገር አያውቁም?»

«ካንኳኳሁ በሩ ይወድቃል ብዬ ነው።»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጥቶ ተመለሰ። «ከእናቴ ጋር ነበር የማወራው» አለች።

«የት አሉ?»

በረዶ ከሞላ ሣጥን ውስጥ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ብልቃጥ አነሣችና ወደ መብራቱ አቀረበቻት። ሥሯ ላይ አንዲት ጠብታ ትንቀጠቀጣለች።

«ይችውልዎ» አለች።

በዚያ ቤት ማንም በስሟ አይጠራትም፤ «ሹክሹክታ» ነው የሚሏት። በሥራዋ ላይ ሁልጊዜ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳልና። ስለማሽኑ ያስረዳችውም በዚያው ሹክሹክታዋ ነው፤ እሱም ለመስማት እየቀረበ፣ እየቀረበ ሄደ። መስማት ተስኖት አይደለም፤ ጆሮው በሰባት ተራራ ማዶ ብሎን ሲላላ የሚሰማ ነው።

«ዲኤንኤ እንደ ዚፕ ነው» አለችው። «ጥርስ በጥርስ የተያያዘ ጥንድ ገመድ። እኛ አንዱን ግማሽ ብቻ ወርቁ ላይ እንተክላለን። ሌላው ግማሽ በጠብታ ውስጥ ሲመጣ፣ አቻው ከሆነ ይቆለፋል። ሲቆለፍ በወርቁ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ማሽኑም ይጮኻል።»

«አቻው ካልሆነስ?»

«አንዲት ፊደል፣ ማለት ከጥርሶቹ አንዷ ብቻ፣ ብትለይ እንኳ ላላ ብሎ ነው የሚያዘው። ያን ጊዜ በዚያ ማሞቂያ ላይ አስቀምጠን በሙቅ ፈሳሽ እናጥበዋለን። የውሸቱ ይለቃል፣ የእውነቱ ይቀራል።»

«ሙቀት የሚችለው እውነተኛው ብቻ ነው በይኛ።»

«ሁሉንም ነገር ዘፈን ነው እንዴ የሚያደርጉት?»

«ገና መቼ ጀመርኩና።»

ያ ወርቅ ነጠብጣብ ያለው መስታወት፣ እነሱ «ዳሳሽ» የሚሉት፣ የተሠራው አንዲት የተለወጠች ፊደል ለማደን ነበር። ፊደሏ ከወላጅ ወደ ልጅ ትሄዳለች፤ ለማን እንደምትደርስ ግን ሳንቲም ወርውሮ እንደማየት ነው፤ ትደርሳለች ወይም አትደርስም። የደረሰችው ሰው ፀጉሩ መሸበት እስኪጀምር ድረስ ምንም አይሰማውም። ከዚያ አንድ ቀን ትንሿ ጣቱ ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች። ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ በመጨረሻም የልጆቹ ስም ይጠፋዋል። የሹክሹክታ እናት የሞቱት በዚህ ነው። ሳይሞቱ በፊት ደማቸውን ለእትዬ ዶክተር ሰጡ፤ ዳሳሹም የተሠራው ከሳቸው ደም ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሥራ ሲጀመር ሁለት ነገር ይፈተናል። መጀመሪያ የእናትየው ጠብታ፤ እሷ መጮኽ አለባት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ፤ እሱ ዝም ማለት አለበት።

«አሁን ይስሙ» አለችና ውሃውን አንዱ የወርቅ ዓይን ላይ አንጠባጠበች። ጠበቀች። አጠበች። ማሽኑ ውስጥ አስገባችው።

ሲይይይይ።

«ያው ድምፅ ነው» አለች ሹክሹክታ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል። «እማ ወጥ ቤት ውስጥ እንዲህ ነበር የምታዜመው። ቃል የለው፣ ምን የለው።»

የጠጋኙ ፀጉር ቆመ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለነበር ነው።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ይህ ነው፤ እትዬ ዶክተር መጥተው በራሳቸው እጅ አዲስ ውሃ ሲያስቀምጡ ማሽኑ ዝም አለ። ሹክሹክታ ስታስቀምጥ ጮኸ። እንደገና እትዬ ዶክተር፤ ዝም። እንደገና ሹክሹክታ፤ ሲይይይይ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ልጅቷን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ «ሽቦ ይሆናላ» አሉ።

ጠጋኙ ሽቦውን ሁሉ ፈታ። ምንም የለም። በማግስቱ መጣ፤ ትናንት ያሰረውን ፈታ። በማግስቱም መጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማሽኑን እንደሆነ በዓይን ጥቅሻ ይጠግነው ነበር፤ ግን ጠግኖ መሄድን ማን ፈለገ? ወለሉ ላይ ተንጋሎ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ብሎን እያጠበቀ ድምፅዋን ይሰማል። እሷ ለእናቷ ትነግራለች፤ ማሽኑ ይመልሳል። አንዳንዴ እሱን ታማዋለች።

«እማ፣ ያ ጉረኛ ዛሬም መጥቷል። ትናንት አንበሳ በካቻቢቴ አስፈራራሁ አለኝ።»

ሲይይይይ።

«ምን አሉ?» ይላል ከማሽኑ ሥር።

«አንበሳው ታሞ ይሆናል አለች።»

አንድ ቀን በሥራ ጉሮሮው ደርቆ ከመደርደሪያው ጠርሙስ አንሥቶ ሊጎነጭ ሲል፣ «አንተ! አሲድ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ጠርሙሱን ነጠቀችው። እጇ እጁ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ሁለቱም ጠርሙሱን ረሱት። «እርስዎ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲያ ተመልሶ አልመጣም።

በዚያው ቀን፣ ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ እያለች ነበር ቤቷ ድረስ የሸኛት። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ሹክሹክታ ወደ ውስጥ ስትገባ ጠጋኙ ከሽማግሌው ጋር ብቻውን ቀረ። ጥግ ላይ አንዲት የእንጨት አሻንጉሊት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ ራስ የላትም። ቀሚሱን ትኩር ብሎ ሲያየው የሆነ ነገር ጎድሎታል።

«ቁልፍ የለውም» አለ ጠጋኙ።

ሽማግሌው ከአፋቸው ስፒሎቹን አወጡ። «የባለቤቴ ነው። መጀመሪያ ቁልፎቹን ተለቅ አደረግኩላት። ቀጥሎ በመንጠቆ ለወጥኳቸው። በመጨረሻ ላስቲክ ሆነ።» መርፌያቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ። «ልጄ ጠዋት ጠዋት ሹራቧን ስትቆልፍ እዚህ ተቀምጬ ክር የማስገባ እመስላለሁ። አላስገባም። ጣቶቿን ነው የማየው።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ታውቃለች እንጂ። ቶሎ ቶሎ ትቆልፍና "ጨረስኩ፣ አባባ" ትለኛለች።»

ጠጋኙ ሳያውቀው የሸሚዙን ቁልፎች በጣቱ ዳበሰ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አመጣጥህ ገብቶኛል። እሷ በሽታው ይኑርባት አይኑርባት ሳታውቅ አታገባም፤ ሰው ማታለል ይመስላታል። ለማወቅ ደግሞ አትደፍርም። ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጠጋኝ ነኝ።»

«ይህ አይጠገንም» አሉና ስፒሎቹን ወደ አፋቸው መለሱ።

በማግስቱ ጉሙ ተመልሶ ነበር። ጠጋኙ ሲገባ ሹክሹክታ ማሽኑን አጥፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ማስኳ እስከ ዓይኗ ሥር ተስቧል። እንዲህ አድርጋው አታውቅም።

«አትቅረበኝ» አለችው። «ውሃው ለምን ለኔ ብቻ እንደሚጮኽ ገባኝ።»

«ለምንድን ነው?»

«እማን ሰላም ስል ማስኬን አወርዳለሁ። በጨርቅ ውስጥ ሆኜ ላናግራት ደስ አይለኝም። ስናገር ትንፋሼ፣ ምራቄ፣ ክፍት ወደሆነው ውሃ ይገባል። እኛ ደግሞ ከነገረ ሥራችን ሁሉ የምንኮራው ለአንዲት ትንፋሽ እንኳ የሚነቃ ዳሳሽ በመሥራታችን ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ውሃው ንጹሕ አልነበረም። ውስጡ እኔ ነኝ ያለሁት።»

«እና?»

«እና ጮኸ።»

ውጪ በመስኮቱ ላይ የሆነ ሰው ኮቴ አለፈ። እግሩ አይታይም።

«ፊደሏ አለችኝ» አለች። «ሳልጠይቅ ነገረኝ። በእማ ድምፅ። እንግዲህ አንተም ዕቃህን ሰብስብና ሂድ። ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

በዚህ ቦታ ሌላ ወንድ ቢሆን አልቅሶ ይሄድ ነበር። ይኼኛው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ምራቅ ነው አይደል ያስጮኸው? የኔን ምራቅ አይቶ ካልጮኸ አምናለሁ።»

«እትዬ ዶክተር ይከለክላሉ። እዚህ ቤት ማንም ሠራተኛ ራሱን አይመረምርም።»

«እኔ ሠራተኛ አይደለሁም። እኔ ተአምር ነኝ።»

በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ ምራቁን ተፋ። እሷም እጇን ለማሠራት ያህል፣ እንዲያው ዝም ብሎ ላለመለያየት ያህል፣ አዘጋጀችው፤ ወርቁ ላይ አንጠባጠበችው፤ በማሞቂያው ላይ አጠበችው። ማሽኑን አበራች።

ሲይይይይ።

ጠጋኙ ወንበር ፈለገ። ወንበሩ ባይኖርም ተቀመጠ።

«እኔም?» አለ ከወለሉ።

«እናትህ ... ጤነኛ ናቸው?»

«እንደ ብረት! ባለፈው እንኳ ከጎረቤት ተጣልተው አሸንፈዋል!»

«አባትህስ?»

«ተሸናፊው እሱ ነው፤ ለሽምግልና ሄዶ።»

ሹክሹክታ ሳቀች። ሳቋ ማስኩ ውስጥ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ወርዳ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከበላያቸው ማሽኑ ያንን ቃል የሌለው ዜማ ያለማቋረጥ ያዜማል፤ አንዴ የሷ፣ አንዴ የሱ፣ አንዴ የሟች እናቷ ይመስላል። ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ የሚሰማቸው ይመስል ሁለቱም ዞር ብለው አዩ።

«እንግዲያው እኩል ነን» አላት።

«በምኑ?»

«በሁሉም። ጣትሽ መደነስ ሲጀምር ጣቴ ይደንሳል። አባትሽ ለሁለታችንም በላስቲክ ይሰፉልናል። ስሜን ስትረሺ እኔም ስምሽን እረሳለሁ፤ ከዚያ እንደ አዲስ እንተዋወቃለን። አሁን ምን ቀረሽ? አታለልኩ እንዳትይ፣ እኔም ያው ነኝ። አግቢኝ።»

ጉሙ ራሱ መስኮቱ ላይ ፊቱን አስጠግቶ መልሷን የሚጠብቅ ይመስላል። ጠጋኙ ተነሣ። እንዲህ ያለውን መልስ ቆሞ መቀበል ይሻላል ብሎ፣ በፎቶግራፍ ላይ እንደሚታዩት ጀግኖች ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ደገፍ አደረገ።

«ተቃጠልክ!» ብላ ጮኸች ሹክሹክታ።

«በፍቅርሽ ነው?»

«ማሞቂያው ላይ ነህ! ክርንህን አንሣ!»

ዞር ብሎ አየ። እውነት ነው፤ ክርኑ እንዳለ ማሞቂያው ላይ አርፏል። የማሞቂያው መለኪያ የሰው ቆዳ የሚልጥ ሙቀት ያሳያል። ክርኑ ግን እንደ ድመት ጀርባ ለብ ያለ ነገር ብቻ ነው የተሰማው።

«አያቃጥልም» አለ።

ሹክሹክታ ጓንቷን አውልቃ የእጇን አንጓ አስጠጋች። ቀስ ብላ አሳረፈችው። ፊቷ ተለወጠ።

«በርዷል» አለች። «መለኪያው ይዋሻል። ማጠቢያችን በርዷል።»

«ማለት?»

«ማለትማ፣ የውሸቱ አልለቀቀም! በቀዝቃዛ ስናጥበው የጤነኛ ሰው ዲኤንኤም ላላ ብሎ እንደያዘ ይቀራል። ማሽኑ የመጣውን ሁሉ ይዞ ነው የሚጮኸው። የእማንም፣ የኔንም፣ ያንተንም። የጤነኛ ሰው ናሙና ሳምንቱ ሲጀምር ብቻ ነው የምንፈትነው፤ ከዚያ በኋላ ማሞቂያው ተበላሽቶ ይሆናል።»

ጠጋኙ እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። «ስለዚህ ጤነኞች ነን!»

«አይደለም» አለች። ዓይኖቿ ግን ያበሩ ነበር። «ስለዚህ አናውቅም።»

እዚህ ላይ ትንፋሻችሁን ያዙ። ጠጋኙ ማሞቂያውን ገለበጠው። የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ፣ በዓለም ላይ ሁለተኛ የሌለውን አዲስ ሽቦ ከእጅ ሰዓቱ አንጀት መዘዘና ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ገጠመው። ወሬው በሆስፒታሉ ሁሉ ተሰማ። ሐኪሙ በሽተኛውን ትቶ፣ በሽተኛው አልጋውን ትቶ መጣ፤ ኮሪደሩ ሞልቶ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቆመ። እትዬ ዶክተር ወንበር ላይ ወጥተው «ለዛሬ ብቻ ሕጉን አንሥቻለሁ» ብለው ዐወጁ።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ማስኳን አጥብቃ ንጹሕ ውሃ አስቀመጠች። ዝም።

ቀጥሎ የጠጋኙን። ዝም። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ቀጥሎ የራሷን። ጠብታዋን ስታንጠባጥብ ከመስኮቱ ላይ የነበሩት ኮቴዎች ሁሉ ቆሙ። አጠበችው። ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። ጠበቁ። ጠበቁ። የበረዶው ሣጥን ውስጥ ያለው በረዶ ሲሰነጠቅ ተሰማ።

ዝም።

ነፃ! ሰው ተቃቀፈ፤ አንድ ሽባ የነበረ ሰውዬ ዘለለ። ጠጋኙም ማሽኑ አሳቡን ሳይቀይር ብሎ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለው። መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ያን ጊዜ፣ እምላለሁ፣ ያ ከኤሌክትሪክ የተለየ የሞተ ማሽን በጸጥታው መሃል ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ አሰማ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሌለው። እናት ልጇን ድራ ስትሰናበት ማለት ነው። ከዚያ ጉሙ ተገፈፈ፤ በመስኮቱ ላይ ፀሐይ የያዘው የሰው እግር ሁሉ ታየ።

ተጋቡ። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ልጅቷ አስነጥሷት እንኳ አያውቅም።

ይህን ጽፌ ነጥቡን አድርጌ ቀና ስል፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነበር። መቼ እንደመጣች አላወቅኩም፤ አረማመዷ ድሮም ድምፅ የለውም።

«ኮሪደሩ አጭር ነው» አለች በዚያው በሹክሹክታዋ።

«ለማሳመር ነው እኮ።»

«ግድግዳ ሊገጩ የነበሩት ነርስም አክስትህ ናቸው። መነጽራቸው ጠፍቶባቸው።»

«እሺ፣ እሱን እሰርዘዋለሁ።»

«ያን ቀን የተሰበሰበ ሰው አልነበረም። እትዬ ዶክተርም እስካሁን አያውቁም፤ ምሳ ወጥተው ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን።» እጇን ወንበሬ መደገፊያ ላይ አሳረፈች። «ያንተ ዝም ማለቱ እውነት ነው። የኔ ግን ዝም አላለም።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«አልጮኸምም» አለች። «ጠብታዬን አስገባሁት። ማሽኑ ሳይናገር ስፒናውን ነቀልከው። "ይበቃል፣ ርቦኛል፣ እንውጣ" አልከኝ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የኔ አይደለም። ያንተ።»

«ከዚያ በኋላ የተሰማውስ ድምፅ?» አልኳት። «እሱንስ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«እሱ እኔ ነበርኩ። ስትፈራ ሳይህ አዜምኩልህ።»

ላያት ፈልጌ አልዞርኩም።

«ስፒናው ወለሉ ላይ ነበር» አለች ቆይታ። «እኔም መልሼ አልሰካሁትም።»

መስኮቱ ክፍት ስለነበር በርዷት መሰለኝ፣ ሹራቧን ከአልጋው ጫፍ አነሣች። ሽበት የጀመረ ፀጉሯን ከአንገትጌው አወጣችና መቆለፍ ጀመረች። እኔ ወረቀቴ ላይ አጎንብሼ የጠፋኝን ቃል የምፈልግ መሰልኩ።

«አትየኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ጨረስኩ።»